ሐይቁ በሸሸበት በጋ

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ሐረር ከተማ ውሃዋን ከዓለማያ ሐይቅ መሳብ በጀመረች ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን ካቦአችን አቶ በላይነህ ሐይቁ ዳር ውሃው ውስጥ ወደተተከለ ግንድ ወሰዱኝ። ግንዱ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። “ሞተሩን ቀስ ብለህ ትማረዋለህ። መጀመሪያ ይህን ማየት ልመድ፤ ውሃው ከቀዩ በታች ከወረደ ቧንቧችን አየር ይስባል” አሉኝ።

የሞተር ረዳት ሆንኩ። ናፍጣ መሙላት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ በመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ያለውን ወንፊት ከአረም ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነበር። ሐይቁ በክረምት ሞልቶ እርሻው ድረስ ይጠጋል፤ በበጋ ይሸሻል።

ከፓምፕ ቤቱ ወዲያ፣ ኦቦ ዩያ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ የመዝናኛ ጀልባዎችና ውሃው ዳር የቆመች አንዲት የጣውላ ሻይ ቤት ነበሯቸው። እሑድ እሑድ ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚመጣው ሰው እሳቸው ዘንድ ነው የሚዝናናው። ውሃው በቀነሰ ቁጥር ይመጡብናል።

“እናንተ ሰዎች፣ ሐይቄን በቧንቧ ጠጥታችሁ ልትጨርሱት ነው?”

“ሐረር ነው የሚጠጣው ኦቦ፤ እኛ አስተላላፊ ነን” እላለሁ።

“አዬ ሐረር! ምን በልቶ ነው እንዲህ የጠማው?”

አንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። እኔ ከፋሲካ በኋላ ሐረር አቦከር ሰፈር ያለችውን አልማዝን ላገባ ቀን ቆርጬ ነበር። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ጠዋት ፓምፑ እንደ በሽተኛ ይስል ጀመር። ሮጬ ግንዱን ሳይ ቀዩ መስመር ደርቋል። ሞተሩን አጠፋን፤ የሐረር ቧንቧም ደረቀ።

ቅዳሜ ማለዳ ከአማቴ መልእክት መጣ። ከሐረር የመጣው አውቶቡስ ረዳት አንድ ቃል ሳያስቀር ነገረን፤ “ሙሽራው ቢቀር በወንድሙ እንተካዋለን፤ ውሃው ግን እንዳይቀር።” አቶ በላይነህ ከሳቃቸው ብዛት የያዙት የብሎን መፍቻ ከእጃቸው ወደቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የነበረን መላ መሳቢያውን ቧንቧ አስረዝሞ ወደ ጥልቁ መግፋት ነበር። ቧንቧ አለን፤ ጀልባ ያላቸው ግን ኦቦ ዩያ ናቸው። ሄጄ ለመንኳቸው።

“ሐይቄን አብልጣችሁ እንድትጠጡ በገዛ ጀልባዬ ላግዛችሁ?” አሉ።

“ነገ ሠርጌ ነው ኦቦ። አማቴ በወንድሜ ሊተኩኝ ነው።”

ጺማቸውን እያሻሹ ወደ ጀልባዎቻቸው ዞሩ። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል፣ “ለፓምፕ አልሰጥም ነበር። ለኒካህ ግን ማን ይከለክላል? ወላሂ፣ እኔው ራሴ እቀዝፋለሁ!” አሉኝ።

ቧንቧዎቹን በብሎን አያይዘን፣ ባዶ በርሜሎች ላይ አስረን በጀልባ ጎተትን። መሃል ላይ ገመድ ተበጥሶ ቧንቧው ሲዞር ኦቦ ዩያ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገብተው በትከሻቸው ያዙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንፊቱ ጥልቁ ላይ አረፈ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሳሉም ለቀቀው። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ካቦዬን አቅፌ በጭቃ ለወስኳቸው።

በማግስቱ አቦከር ስደርስ አማቴ በር ላይ ተቀበሉኝ። “ጎሽ ልጄ! ግን ጭቃ ጭቃ ትሸታለህ” አሉ።

“የሐይቁ ነው እማማ። እርስዎም ከእሱው ነው የጠጡት።”

ኦቦ ዩያ ከነልጆቻቸው መጡ። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው የታረደው ቀረበላቸው፤ በልተው መረቁን።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ያለ ልክ ጣለ። ሐይቁ ተነስቶ የኦቦ ዩያን ሻይ ቤት ገባበት። ልንረዳቸው ስንደርስ ጠረጴዛ ላይ ቆመው፣ “አሁን ጠጡ እንጂ! የት ሄዳችሁ?” ብለው ጮኹብን። እየሳቅን ቤቱን ነቅለን ዳገቱ ላይ ተከልንላቸው።

እኔም ኋላ ካቦ ሆኜ እዚያው ሠራሁ። ለወጣት ሠራተኞች የምለው ይህን ነው፤ ሐይቅ ዳር ቧንቧ ሲዘረጋ ውሃው እጅግ የወረደበትን ዓመት፣ ቤት ሲሠራ ደግሞ እጅግ የሞላበትን ዓመት ጠይቆ መነሳት ነው። ዘንድሮን ብቻ አይቶ የሠራ ሁለት ጊዜ ይሠራል።