የሰበታዋ ልጅ ሻንጣ

ካምፓስ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ይልቅ ሻንጣዬ ይታወቅ ነበር። "የሰበታዋ ልጅ" ይሉኛል፤ ወዲያው ዓይናቸው ወደ እጄ ይወርዳል። ባዶ እጄን ከሆንኩ ሰላም ነው። ሻንጣ ከያዝኩ ቀኑ ይታያል። ዓርብ ከሆነ ልብስ ላጥብ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው፣ ማንም አይገረምም። ከዓርብ ውጭ ከሆነ ግን አንድ የተሰማ ነገር አለ ማለት ነው።

ግቢያችን ሱሉልታ ዳር ነው። ተማሪው ከየአቅጣጫው ተመድቦ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ። በእኛ ብሎክ ቤታችን ቅርብ የሆነው እኔና አንዲት የቡራዩ ልጅ ብቻ ነበርን። መንገድ ሊዘጋ ነው፣ ትምህርት ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ይነሳል፤ አብዛኛው ተነስቶ ይቀራል። ከሩቅ የመጣ ሰው ግን የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እኛን ያያል። ቤተሰቦቻቸው እዚሁ ናቸው፣ ቋንቋውን ይሰማሉ፣ ነገር ሳይመጣ ይነገራቸዋል ይላል። የቡራዩዋ ልጅ ብቻዋን ከወጣች "ፍቅረኛዋ ጋ ነው" ተብሎ ይሳቃል። እኔ ከወጣሁ ግን ሻንጣዎች ከአልጋ ስር መሳብ ይጀምራሉ።

በጣም ያናድደኝ ነበር። እናቴ ስትደውል የምታወራኝ ስለ ጎረቤት ሠርግና ስለማይለቃት ጉንፋን ነው። ግን የምናወራው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ ስልኩን ሳነሳ ዶርሙ ጸጥ ይላል። ደብተር የሚያገላብጠው እጅ ሳይቀር ይቆማል። ከንግግራችን ውስጥ አንዷን ቃል፣ "ኮቱ" የምትለዋን፣ ሁሉም ለይተው አውቀዋታል፤ "ነይ" ማለት ናት።

ግቢው ራሱ ለጥርጣሬ የሚመች ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነበር አሉ። ካፌያችን የግሬደር ጋራዥ ስለነበር ፀሐይ ሲበረታ ወለሉ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የዶርም ብሎኮች ከአራት ይጀምራሉ፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የት ገቡ እያለ የማይጨነቅ አዲስ ተማሪ የለም። መልሱን የሚያውቁት በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ ናቸው፤ መጋዘኖች ነበሩ፣ ፈረሱ፣ በቃ። እሳቸው ከካምፑ ዘመን ጀምሮ እዚያው በር ላይ ናቸው። ከካምፑ በፊት ደግሞ አባታቸው በዚያ መሬት ላይ ገብስ ይዘሩ ነበር። ሁላችንም በኦሮምኛ "ኦቦ"፣ አቶ እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው።

ከሁሉም የምቀርበው ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛውን ልጅ ነበር። ቤቷ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ጀሪካን ውሃ ተካፍለናል፣ በአንድ ማበጠሪያ ተበጥረናል። በሦስተኛው ዓመት ውጤቷ ወርዶ ዋርኒንግ ላይ ነበረች። የቀራት ሐሙስ ጠዋት የሚሰጥ አንድ ፋይናል ነበር፤ እሱን ካላለፈች ትባረራለች። ቤቷ ከገባች ደግሞ ተመልሳ እንደማትወጣ ታውቃለች። "ከሐሙስ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም" እያለች ነበር የምታጠናው።

በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ውሃ ከጠፋ ቆይቷል፣ ወሬውም ተነስቷል። ማክሰኞ ከሰዓት እናቴ ደወለች። "ቢሻን ዱፌራ፣ ኮቱ" አለችኝ። ቤት ውሃ መጥቷል፣ ነይ ማለቷ ነው። የሚቀየር ልብስ ስላልነበረኝ ደስ ብሎኝ ሻንጣዬን አወጣሁ። ጓደኛዬ ላይብረሪ ነበረች። አልጋዋን ቀና ብዬ ሳይ አንሶላዋ ጠቁሯል፤ በጥናት ተይዛ መቼ ታጥበው? ገፍፌ ከሁለት ቀሚሷ ጋር ከተትኩት። ሐሙስ ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ ንጹሕ አልጋ ላይ ትውደቅ ብዬ ነው። ሻንጣው አብጦ ዚፑ እንቢ አለኝ።

ከዚፑ ጋር ስታገል ገባች።

"እናትሽ ደውላ ነበር አሉኝ። ምን አለችሽ?"

"ውሃ መጣ አለችኝ።"

ሻንጣውን አየችው። "ለውሃ ነው ይሄ ሁሉ?"

"ልብስ ነው እኮ።"

በሩን ዘጋችና ድምጿን ቀነሰች። "በናትሽ እውነቱን ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም።"

ሌላው ቢል አይገርመኝም ነበር። እሷ ስትለው ግን ደሜ ፈላ። ሻንጣውን ከፍቼ አንሶላዋን ባሳያት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን "ያሰብሽውን እመኚ!" ብያት ወጣሁ።

በር ላይ ኦቦ ሻንጣዬን ፈተሹ። "ልጄ፣ ተማሪ ነሽ ወይስ ልብስ አጣቢ?" ብለው ሳቁብኝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ፤ መንገዱን ሁሉ ከእሷ ጋር በሐሳቤ ስጨቃጨቅ ደረስኩ። እንደደረስኩ ማጠብ ጀመርኩ። ስልኬን ሳየው ሦስት ጊዜ ደውላለች። መልሼ አልደወልኩም። ትንሽ ትጨነቅ አልኩ። እንደዚህ ነበር ያልኩት፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ንዴቴ በርዶ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው።

ሐሙስ ማለዳ የታጠበውን ይዤ ስመለስ ኦቦ በሩን ሲከፍቱልኝ አልሳቁም።

"ግማሹ ብሎክ ሄደ። የቆሸሸ ልብስ ብቻ ነው የያዘችው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳቸው።"

"ምን አሉዎት ታዲያ፣ ኦቦ?"

"አንቱም የእሷው አገር ሰው ነዎት አሉኝ።"

ላይኛው አልጋ ላይ ባዶ ፍራሽ ብቻ ነበር፤ ሻንጣዋም የለም። ፈተናው በሰዓቱ ተሰጠ። ምሳ እንደወትሮው ምስር ነበር። መንገድም አልተዘጋም፣ አንድም ነገር አልሆነም። ዲፓርትመንቱ በወሬ ለቀረ ሰው ድጋሚ ፈተና የለም አለ። ሌሎቹ ያንን ትምህርት በዓመቱ ደገሙት። እሷ ተባረረች።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ስልኳን አነሳች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ውሃውን፣ ልብሱን። እንድታምነኝ ብዬ ማስረጃ ጨመርኩ። "አንሶላሽ ራሱ እኮ ሻንጣው ውስጥ ነበር" አልኳት።

"ለምን ወሰድሽው ታዲያ?" አለችኝ። "እንደማልመለስ አውቀሽ አይደል?"

ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለስንት ሰው አወራሁት፤ ሁልጊዜም የተበደልኩት እኔ ነኝ። በጎ ሠርቼ የተጠረጠርኩ ምስኪን።

ተመርቄ ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ዘንድሮ ክረምት፣ ከእናቴ ጋር ልብስ እያጠፍን ያንን አንሶላ አገኘችው። የማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እንደለመድኩት እየሳቅኩ አወራኋት። እናቴ አልሳቀችም። የያዘችውን አጥፋ ጨረሰች።

"የደወልኩልሽ ቀን ሰፈር ሱቅ ያገኘሁት ሹፌር መንገድ ሊዘጋ ነው ብሎኝ ነበር" አለችኝ። "ለአንቺ ብነግርሽ ለጓደኞችሽ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ወሬውን ያመጣችው እሷ ናት ይሉሻል። ውሃ መምጣቱ እውነት ነው፣ አልዋሸሁሽም።"

ያ ሁሉ ተማሪ ሻንጣዬን ሲያይ የኖረው በከንቱ አልነበረም። ሳይነገረኝ ተነግሮኝ ነበር። የሐሰት ወሬ መሆኑ እኔን አያጠራኝም፤ ከጓደኛዬ በፊት እኔን የሚያወጣኝ ሰው ነበረኝ፣ እሷ አልነበራትም። ልክ ነበረች፣ እኔም ይሄንን ልነግራት ይገባኛል ብዬ በማግስቱ ደወልኩ።

አሁን በትውልድ ከተማዋ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከጀርባዋ ልጆች ይጮኻሉ። ድምጿ ሞቅ ያለ ነበር፤ ያልጠበቅኩት። እናቴ ያለችውን ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት። "ልክ ነበርሽ" አልኳት።

ልጆቹን ውጭ ተጫወቱ ስትል ሰማኋት።

"ምነው ባትነግሪኝ" አለች። "እኔ እኮ አምኜሽ ነበር። አምና አንሶላ እያጠብኩ፣ ያቺ ልጅ ለካ ልታጥብልኝ ነው የወሰደችው አልኩ። ተጸጽቼ ልደውልልሽ እያሰብኩ ነበር።"

"የአንሶላው ግን እውነት ነው!" አልኳት። "በእውነት ላጥብልሽ ነበር።"

"እሱን አሁን በምን ልወቅ?" አለችኝ።