የጦይባ የባዮሎጂ ደብተር

ልጅ እያለሁ ከአለንጋ የሚከፋ ቅጣት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስምንተኛ ክፍል፣ ሚኒስትሪ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ይመር አሳዩኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። የክፍሌ ልጅ ጦይባ የቤት ሥራዋን አላስገለብጥም አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በንዴት የባዮሎጂ ደብተሯን ነጥቄ መንገዳችን ዳር ያለው ሐይቅ ውስጥ ወረወርኩት። እስከ ጉልበቷ ገብታ ስታወጣው ቀለሙ ታጥቦ፣ ገጹ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ይመር የሁለታችንንም እናቶች አስጠርተው አንድ ላይ አስቀመጡን። እኔ ለመገረፍ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ዞረውም ሳያዩኝ ጦይባን፣ «ምን ቢደረግልሽ ይሻልሻል?» አሏት። አልቅሳ ስታበቃ፣ ሚኒስትሪ ካላለፈች አባቷ ትምህርት ይብቃሽ እንዳላት ተናገረች። ይህን አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ሙሉውን በእጇ ትጻፍልኝ፤ እኛ ቤት፣ እኔ እያየኋት» አለች።

«ጋሼ፣ ይግረፉኝና ይብቃ» ብዬ ለመንኩ።

«አንቺን ብገርፍ የሷ ደብተር ይደርቃል?» አሉኝ።

እናቴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያለች ነዘነዘችኝ።

ከሁሉ የሚያናድደው፣ ከራሴ ደብተር እንዳልገለብጥ የኔው ግማሹ ባዶ ነበር። ከሦስት ልጆች ለምኜ አሰባሰብኩ። ጓደኞቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ አሳ አሳ በሚሸት የነጦይባ ቤት አጎንብሼ እጽፋለሁ። የልብን ሥዕል ብቻ ሦስት ጊዜ አስቀደደችኝ። «ወላሂ አልቀበልም! የቀኙን ከግራው ደባልቀሽዋል» ትላለች። እናቷ፣ «ተያት አቦ፣ የልጅቱ እጅ ዛለ» ብለው የተጠበሰ አሳ ሲያቀርቡልን ነበር የማርፈው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያልገባኝን እጠይቃት፣ እሷም እየተነጫነጨች ታስረዳኝ ጀመር። ተዋደድን ብዬ አላሳምርም፤ ተላመድን። ሁለታችንም አለፍን፤ እኔ በሷ ምክንያት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የክፍል ጓደኛውን መነጽር ሰብሮ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሦስት ቀን እገዳ አስፈረሙኝ። «የተሰበረበት ልጅ ማን ይባላል?» ብላቸው ወረቀቱን አገላበጡት፤ ስሙ የለበትም። እዚያው ወንበሩ ላይ ጋሽ ይመር ናፈቁኝ። ቤት ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልክ ይጫወታል። «እማ፣ ተቀጣሁ እኮ፤ አለቀ» አለኝ።

ኧረ ምኑ ነው ያለቀው! ያ ልጅ ነገም ሰሌዳው አይታየውም። «ተነስ፣ ቤታቸው ውሰደኝ» አልኩት። ቤታቸውን አያውቀውም። ከልጁ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል።