አለቃ በእርሳስ የሳሏት እናቴ

እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው የእንጨት ሽታ እስከ ዛሬ ቡሬ አጠገብ ወዳለው መንደራችን፣ ወደ ጣሊያን ዘመን ይመልሰኛል።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዱር ገብቶ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ የተወለደው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ መንገደኛውን ሁሉ ይፈትሽ ስለነበር ደብዳቤ የተገኘበት ሰው አለቀለት። እናቴ ለአባቴ በሶ ቋጥራ የምትልከው በቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ በአለቃ ፈንታ እጅ ነበር። የቃል መልእክቷም ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «ደህና ነን በሉልኝ።»

አንድ ቀን ግን፣ «አለቃ፣ አባቱ የልጁን መልክ ሳያይ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ። እባክዎ ይሳሉልኝ» አለቻቸው።

«ቀለም ከየት ይምጣ ልጄ? ያለችኝ ይህች እርሳስ ብቻ ናት።»

«እሷው ትበቃለች።»

ወንድሜ ጡት ይዞ ተኝቷል። አለቃ እርሳሷን በቢላ ቀርጸው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና እናቴን አተኩረው አዩ። ከዚያ አንድ መስመር ጎተቱ። እኔ በትከሻቸው በኩል አሻግሬ ሳይ መስመሯ ግንባር ሆነች። በሌላዋ የልጁ ጆሮ መጣ፤ ቁርጥ የአባቴ ጆሮ! በጣታቸው አሸት ቢያደርጉት የእናቴ ጉንጭ ጎደጎደ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የማውቀው ወርቅና ቀይ ቀለም የለበትም፤ ግን እናቴ ራሷ ነበረች። ትንፋሿ የሚሰማ መሰለኝ።

እሷ አይታ፣ «ምነው አለቃ፣ አከሱኝ» አለች።

«ያየሁትን ነው ልጄ።»

«ይሁን» አለች።

«ቢይዙኝ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ ነች እላለሁ» ብለው ሥዕሉን ጥምጥማቸው ውስጥ ሸሸጉት።

ከአባቴ ዘንድ ሲመለሱ የወሰዱለት በሶ እንደተቋጠረ በእጃቸው ነበር። እናቴ ደንግጣ ተነሣች። አለቃም፣ «አይዞሽ፣ ደህና ነው። ‹ልጄን አየሁት፤ ተመስገን። በሶውን ግን አንቺ ብዪው› ብሎሻል» አሏት። አባቴ ሲሸፍት ዕንባ ያልወጣት ሴት ያን ቀን በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ በሰላም ገባ። ሥዕሉ ግን በአንድ ክረምት ዝናብ ርሶ ጠፋ አለን።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከያሉበት ፎቶ ይልኩልኛል። ቀለሙ ያምራል፤ ሁሉም ይስቃሉ። እኔም መርቄ፣ ስልኩን ለያዘችልኝ ልጅ፣ «እስኪ ደውዪላቸው፤ እህል ይበላሉ ወይ በያቸው» እላታለሁ።