የሙራማትሱ መኪናና ሁለቱ ማንኪያዎች

ኢሶቤን ቀለም አስጠልቶት አያውቅም። የሚያንገሸግሹት ቀቢዎቹ ናቸው። ጃፓን አገር፣ ሺዙኦካ ውስጥ፣ ከአቤ ወንዝ ወዲህ ባለችው ጠባብ ሱቁ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የፕላስቲክ መኪና ሞዴልና የሞዴል ቀለም ሲሸጥ የሰማው ያንኑ አንድ ልቅሶ ነው። የተሸበሸበ መኪና በፌስታል ይዘው ይመጡና ቀለሙን ይራገማሉ።

«ከሥሩ ምን ቀብተህ ነበር?» ይላል ኢሶቤ።

«እኔ እንጃ አጎቴ፣ ግራጫ ነገር።»

«ግራጫ ነገር! ግራጫ ነገር የሚባል ፕራይመር አለ? ኤጭ! ሾርባህንም ቡናማ ነገር እያልክ ነው የምትጠጣው?»

ሕጉ እኮ ያን ያህል አያስቸግርም። መጀመሪያ ባዶው ፕላስቲክ ላይ ለሞዴል የተሠራውን የናይትሮ ፕራይመር፣ ማለትም የመሠረቱን ቅብ ትነፋለህ። በላዩ ናይትሮ ቀለም፣ ያ በሚሸተው ቲነር የሚቀጥነው፣ ቢመጣ ይስማማሉ፤ በውሃ የሚቀጥነው ቢመጣም ይስማማሉ። የውሃው ከታች ሆኖ ናይትሮ ከላይ ከመጣ ግን አለቀ፣ ናይትሮ የታችኛውን ይበላዋል። ያልገባው ሰው በፕላስቲክ ማንኪያ ይሞክር፤ ፕራይመሩን፣ ቀለሙን፣ ማብረቂያ ቫርኒሹን በተራ ማንኪያው ላይ ነፍቶ አንድ ቀን ይጠብቅ። ለዚሁ ሲል ኢሶቤ አንድ ጣሳ ሙሉ ማንኪያ ባንኮኒው ላይ በነጻ አስቀምጧል። ማን ሊሞክርበት! ለእርጎ ነው የሚወስዱት።

ብሽቀቱን የሚወጣው በመደርደሪያ ነበር። ከባንኮኒው በላይ፣ የገባ ሁሉ እንዲያየው፣ ደንበኞች ያበላሿቸውን መኪናዎች ይደረድራል። ከእያንዳንዱ ሥር ስምና ጥፋት በወረቀት ይጽፋል። ሰው ይስቃል፣ ባለቤቱም አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል።

ሙራማትሱ የሚባል ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር የቀባው አረንጓዴ መኪና እዚያ ሦስት ዓመት ቆሟል። ሰውየው ጋራዥ የሚሸጠውን የእውነተኛ መኪና ቀለም ባዶ ፕላስቲክ ላይ ነፍቶ ፕላስቲኩን ሰነጣጥቆት ነበር።

«ይኼን የሠራ ሰው ነው አውቶቡስ የነዳው?» አለ ኢሶቤ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ። «ተሳፋሪዎቹ በሕይወት አሉ?»

ሙራማትሱ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሳቀ። ሲወጣ ግን ከጣሳው ሁለት ማንኪያ ወሰደ፤ ይህን ኢሶቤ ልብ አላለውም።

ሙራማትሱ በክረምቱ መጨረሻ ሞተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስቱ ፉሚኤ አንድ ካርቶን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በላዩ ጥቂት መንደሪን አድርጋ ሱቁ መጣች።

«ኢሶቤ ሳን፣ ላስቸግርዎት ነው። ስንጋባ የገዛናት መኪና አምሳያ ናት። ቀለሟን ጨርሷል፣ ማብረቂያው ብቻ ነው የቀረው። ለአርባ ዘጠኝ ቀን ተዝካሩ ከፎቶው አጠገብ ላስቀምጣት ነበር።»

ኢሶቤ መኪናዋን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየ። ክሬም ቀለም ናት። አቧራ የለ፣ የፈሰሰ ጠብታ የለ፣ የበሮቹ ቀጭን መስመር እንኳ በቀለም አልተደፈነም።

«ይኼን ራሱ ነው የቀባው?»

«ስድስት ወር ፈጀበት።»

በመጨረሻ ሰው አደረግሁት ማለት ነው፣ አለ ኢሶቤ በሆዱ። ቀለሙ ናይትሮ ስለመሆኑ አልተጠራጠረም፤ ለሙራማትሱ ከናይትሮ ሌላ ሸጦለት አያውቅማ። የውሃውንማ የሕፃን መጫወቻ ነው ብሎ ሱቁ አላስገባውም። ካርቶኑን ወደ ጥግ ገፋው። ማንኪያ? ማንኪያ ለማያውቅ ሰው ነው። ናይትሮ ቫርኒሹን መርጫው ውስጥ ሞልቶ ጣሪያዋ ላይ ጥግብ አድርጎ ነፋው።

ጣሪያዋ መጀመሪያ አበራ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ወደ መስታወቱ ወረደ።

«ይኼ ቆሻሻ!» ብሎ ጮኸ ኢሶቤ ሟቹ ላይ። «ምን ዓይነት አተላ ነው የቀባው? ሞቶም ያበላሻል!»

የአተላውን ስም ሊያውቅ ካርቶኑን ጎትቶ ገለበጠው። የቀለም ጠርሙስ አልወጣም። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ማንኪያዎች ወደቁ፤ ሁለቱም ክሬም ቀለም ናቸው። አንዱ ተሸብሽቧል፣ እጀታው ላይ በእስክሪብቶ «ናይትሮ ቫርኒሽ፤ አይሆንም» ይላል። ሌላው ያበራል፤ «የውሃ ቫርኒሽ፤ ጥሩ» ይላል። በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ «ናይትሮ ፉሚኤን ያስላታል። የውሃውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ኢሶቤ እንዳይሰማ፣ ይስቅብኛል።»

ኢሶቤ መርጫውን አስቀመጠ። ምላሱ መረረው። አርባ አንድ ዓመት ሌላውን ሲጸየፍ ኖሮ፣ ያን ቀን የገዛ እጁን ማየት አስጠላው። ያ ሰው እንደተነገረው አድርጓል፤ ሞክሯል፣ ጽፏል። የደበቀው የእኔን አፍ ፈርቶ ነው፣ አለ። ቱ!

ለተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው መኪናዋንና ማንኪያዎቹን ከነጋዜጣው ይዞ ፉሚኤ ቤት ሄደ። ከፎቶው ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

«አበላሸሁት። ሳልሞክር ነፋሁበት። አጥቤ እንደገና ልቀባው እችላለሁ።»

«ሲታጠብ የእሱ ቀለም ይቀራል?»

«አይቀርም። ሁሉም ይሄዳል።»

ፉሚኤ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ ይዛ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ባለፈው ዓመት ሳሌ ድንገት ተወኝ» አለች። «መስኮት ከፍቶ መሥራት የጀመረ መስሎኝ ነበር። አንዲት ቃል አልነገረኝም።»

የሚያበራውን ማንኪያ በመሐረቧ ጠርጋ ከፎቶው አጠገብ አቆመችው። ከዚያ መኪናዋን ወደ ኢሶቤ ገፋችው።

«እሷን እርስዎ ይውሰዷት። ቦታዋን ያውቁታል።»

«ፉሚኤ ሳን፣ እንዴት ብዬ…»

«አረንጓዴው እዚያ ሦስት ዓመት ቆሞ የለ? የሳቁበት ዕለት ማታ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እራቱን ግን አልበላም።»

ኢሶቤ መኪናዋን በሁለት እጁ አነሣት።

ሱቁ ተመልሶ በርጩማ ላይ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መኪናዎች ከነወረቀታቸው አንድ በአንድ አወረደ፤ ለየባለቤቱ ሊመልስ። በባዶው መደርደሪያ መሐል የሙራማትሱን መኪና አቆመና ከሥሯ ጻፈ፦ «ኢሶቤ። በማንኪያ አልሞከረም።»

በማግስቱ የመጀመሪያው ደንበኛ አንጋጦ አየና፣ «አጎቴ፣ የተሸበሸበችው የማን ናት?» አለው።

«ወረቀቱን አንብብ» አለ ኢሶቤ። «ቀለሟ ግን የሙራማትሱ ነው። ወደ ጎኖቿ ዞረህ እያት፣ እንዲህ የሚቀባ ሰው እዚህ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።»