የአስቻለች አንድ ጥያቄ

አዋላጅዋ አስቻለች ለጉባኤው ሞጣ ስትገባ ንዴቷ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት አዋልዳለች። «እጇ ይቀናል» እየተባለ ከሌላ ቀበሌ ድረስ እርጉዞች ይመጡላት ነበር። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፍሬ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ሴት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለችና ደሟ አልቆም አለ። አስቻለች ደም የሚያቆመውን መርፌ፣ ኦክሲቶሲን የሚሉትን፣ ልጁ በወጣ በደቂቃው ወግታታለች። ማሕፀኗን አሸችላት፤ መርፌውን ደገመችው። ደሙ ከምንም አልቆጠራትም። አምቡላንሱ ከቢቸና ተጠርቶ እስኪመጣ ፍሬ የአስቻለችን እጅ እንደጨበጠች አረፈች።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ባንተአምላክ አንድ ወረቀት ዘረጋላት። «መርፌው ዘግይቶ በመሰጠቱ» ይላል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

«አልዘገየሁም እኮ! በደቂቃው ነው የወጋኋት።»

«ሲስተር፣ በሰዓቱ ቢሰጥ ኖሮ ደሙ ይቆም ነበር» አላት። ወረቀቱም ማኅደሯ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀረች፤ መርፌው ለምን አልሠራም? እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ነገር አለ? የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ስለዚህ የአዋላጆች ዓመታዊ ጉባኤ በሰኔ ሞጣ ላይ ሊካሄድ ነው፣ ዘንድሮ ለእያንዳንዱ የገጠር ባለሙያ አንድ አንጋፋ መካሪ፣ ሜንተር የሚሉት፣ ይመደብለታል የሚል ደብዳቤ ሲደርሳት፣ ደብተር አውጥታ ሰባት ጥያቄ ጻፈች። ስድስቱን ሰረዘች። አንዷን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጉባኤውን የከፈቱት ሰውዬ «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» ብለው አስጨበጨቡ። አስቻለችም ከልቧ አጨበጨበች። የደረሳት ሜንተር መምህር ሰማው ይባላል፤ ትልቅ ከተማ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ጥናትም ያቀርባል፤ ሰው ሁሉ እየተነሣ የሚጨብጠው ሰው ነው።

«የቢቸናዋ! ጎበዝ!» አላት፣ እጇን እንደያዘ ዓይኑን ሌላ ሰው ላይ ጥሎ። «ይቺን ፍላሽ ያዥልኝ። ከሰዓት የማቀርበውን ሃምሳ ኮፒ አስወጪልኝና እንገናኛለን።»

ሞጣን አታውቃትም። በሰኔ ጭቃ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ስትዞር፣ መብራት የለም ሲሏት ሌላ ስትሄድ፣ የጠዋቱ ስልጠና አመለጣት። ሃምሳውን ኮፒ በነጠላዋ ከዝናብ ጋርዳ አመጣችለት። «ተባረኪ» አለና አለፈ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። «መምህር፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ አንዲት እናት ሞታብኝ...»

«ከሻይ በኋላ፣ እሺ የኔ እህት?» ከሻይ በኋላ ከባለሥልጣናቱ ጋር ቆሞ ይስቃል። አጠገቡ አሥር ደቂቃ ቆመች። ሲያያት ስልኩን ሰጣትና ከእነሱ ጋር ፎቶ እንድታነሣው አደረገ። «ስሙ ሰማው፣ ጆሮው ያልሰማው» አለች በሆዷ። እንደዚያም ሆኖ ገና ተስፋ አልቆረጠችም ነበር።

ደሟን ያፈላው የሦስተኛው ቀን ቅጽ ነው። ጉባኤው ሊዘጋ ሲል መምህር ሰማው ወረቀት ይዞ መጣ። «ከሜንተርዎ ጋር ስንት ሰዓት ተወያዩ?» በሚለው ላይ «ስድስት ሰዓት» ተብሎ ተሞልቷል። «በቂ ምክር አግኝተዋል?» የሚለው ላይ የራይት ምልክት ተደርጓል።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፤ ስድስት ሰው ነው የሰጡኝ፣ ለሁሉም መድረስ አልቻልኩም» አላት። እውነቱንም ነበር፤ ፊቱ ላይ ድካም ይታያል። ግን ስድስት ሰዓት!

አስቻለች አልፈረመችም። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው» ሲሉ እጇን አወጣች። ማይኩ ሲደርሳት ቆመች።

«አስቻለች እባላለሁ፣ ከቢቸና ነው የመጣሁት» አለች። «ከሜንተሬ ጋር ስድስት ሰዓት ተወያየሽ የሚል ወረቀት ፈርሚ ተብያለሁ። እኔ የተወያየሁት ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ነው።» ሳቅ ሊነሣ ሲል ድምጿ ከፍ አለ። «አትሳቁ! እኔ ለሳቅ አልመጣሁም። አንዲት እናት እጄ ላይ ሞታለች። መርፌውን በሰዓቱ ወግቼ ደሙ አልቆመም። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አንድ ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት። ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ካላችሁት ሁሉ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ከዚህ ወጥቼ ማንን ልጠይቅ?»

መምህር ሰማው አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢው «ሰዓት ስላለቀ...» ብለው ሲጀምሩ ከኋላ ወንበር አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተነሡ። ከግንደወይን የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ፣ እትዬ ይርጋነሽ የሚባሉ ናቸው። ሜንተር ሁኑ ያላቸው እንኳ አልነበረም፤ ዲግሪ የላቸውም።

«ሰዓቱ ይቆየን። ልጄ፣ ብልቃጡ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«መደርደሪያ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ።»

«ፍሪጅ የላችሁም?»

«አለ። የክትባት ነው፤ ሌላ ነገር አይገባበትም ይሉናል።»

«መደርደሪያው ላይ ስንት ጊዜ ቆየ?»

አስቻለች አሰበች። «ከታኅሣሥ ጀምሮ... አምስት ወር ገደማ።»

እትዬ ይርጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ መድኃኒት ብርድ ይፈልጋል። አምስት ወር ሙቀት ላይ ከከረመ ኃይሉ አልቋል። ያንን ብልቃጥ አላየሁትምና አልምልም፤ ግን እኔም ሁለት እናቶች ቀብሬ ነው ያወቅሁት። ያኔ ማን ነገረኝ?»

አስቻለች እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ይልቁን ንዴቷ ባሰ። ከግንደወይን ቢቸና በሚኒባስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው! ይህን የሚያውቅ ሰው ግንደወይን ተቀምጦ ፍሬ እኔ እጅ ላይ ትሞታለች?

ስንብት ላይ መምህር ሰማው ጠጋ ብሎ «ይቅርታ፤ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለና ስልኩን ጻፈላት። ተቀበለችው። አልደወለችለትም። የእትዬ ይርጋነሽን ቁጥር ግን በእጇም በደብተሯም ጻፈችው።

ወደ ጤና ጣቢያዋ በተመለሰች ማግሥት በቀጥታ ወደ ክትባት ክፍል ሄደች። ፍሪጁን የሚጠብቀው፣ ጓዴ የሚባለው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆመ።

«መመሪያ አለኝ፣ ሲስተር።»

«መመሪያህ ፍሬን ቀብሯታል። ዞር በል!»

ጓዴ ገመገማትና ዞር አለ። የታችኛውን መደርደሪያ እኩሌታ ለኦክሲቶሲኑ ለቀቀላት። ከዚያ አቶ ባንተአምላክ ቢሮ ገባች፤ ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ እንዲወጣ ጠየቀች።

«ያለፈን ነገር ምን ያስቆፍርሻል?» አላት።

«ለእርስዎ ያለፈ ነው። የኔ ስም ያለበት ወረቀት አላለፈም።»

ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገባች፤ መልስ የለም። ሦስተኛ ማመልከቻ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ፍሬ እናት ወደ ወይዘሮ ውበቴ ቤት ወጣችና ያወቀችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ ይርጋነሽ በስልክ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሄደሽ ንገሪያቸው» ብለዋት ነበር። ወይዘሮ ውበቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። አላለቀሱም።

«ታዲያ ዓመት ሙሉ አንቺን የረገምኩት በከንቱ ነው?»

«ረግመውኛል?»

«በየቀኑ ነዋ!»

ሰኞ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ጤና ጣቢያው መጡ። ከአቶ ባንተአምላክ ቢሮ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «መልስ እስኪሰጠኝ አልነሣም» አሉ። ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም መጡ። ሰው እየተሰበሰበ መጠየቅ ሲጀምር ኮሚቴው አርብ ዕለት ተጠራ።

የቀድሞው ወረቀት አልተቀደደም። አዲስ ደብዳቤ ግን ተጻፈና ከላዩ ተያያዘ፤ «የእናቲቱ ሕይወት ያለፈው በመድኃኒት አያያዝ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ተረጋግጧል» ይላል። አስቻለች ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ጉድለቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ከአቶ ባንተአምላክ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አነሣች፤ «ደርሶኛል» በሚለው ቦታ ፈረመችና ከፊርማዋ በላይ በደማቁ «የማን?» ብላ ጽፋ መለሰችለት።