አባቴን ያንበረከከው ከበሮ

አባቴ የድንች ነጋዴ ናቸው። ከጉና የሚወርደውን ድንች ደብረ ታቦር ላይ ተረክበው ወደ ባሕር ዳር ይልካሉ። ድንች ደግሞ ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ይወዳል። በግቢያችን ያለው እንዲህ ዓይነት ክፍል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የእኔ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ አባቴ «ያ ልጅ ዘግቶ ሲያንኳኳ የሚውልበት ክፍል» ነው የሚሉት።

የእህቴ ሰርግ ሲቃረብ ቁርጡን ነገሩኝ።

«የሰርጉን ሙዚቃ አንተ ያዝ። ዳሱን ካሞቅኸው ክፍሉ ያንተ ነው። ካላሞቅኸው ግን በማግስቱ ድንቼን አስገባለሁ።»

እኔም ሥራ ጀመርሁ። አንዲት አጭር የከበሮ ምት ቀድቼ፣ ሶፍትዌሩ እየደጋገመ እንዲያጫውታት አደረግሁ። ከዚያ አክስቴን ጠርቼ አሰማኋቸው። ትንሽ አዳመጡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ምቱስ ደህና ነው። የሚመታው ሰውዬ ግን ምን ሆኗል? ዘመድ ሞቶበታል እንዴ?»

መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። አንድ ፈረንጅ በቪዲዮ እንዳስረዳው፣ ምቱ የሞተው እንከን ስለሌለበት ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩን በዘፈቀደ እንዲሳሳት ማዘዝ ነው። አንዱን ምት ቀደም፣ ሌላውን ዘግየት፣ አንዱን ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ። እኔም ቁጭ ብዬ ለኮምፒዩተር መሳሳትን ሳስተምር ሰነበትሁ፤ በነፃ የሚሳሳት ሰው በሞላበት ከተማ! በመጨረሻም ከሁሉ የሚያስደስተውን ጨመርሁበት፤ ደስ ባለው ጊዜ አንድ ከባድ ምት እንዲጥል አዘዝሁት። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «አሁን ሰው ሆነ» ብለው መረቁኝ።

ፈረንጁ የማያውቀው፣ እኔ ግን ማወቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ በሰርግ ላይ ከባድ ምት ትእዛዝ ነው። ከበሮ መቺው ጠንከር አድርጎ ሲመታ ጨፋሪው ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ይንበረከካል፤ እንደገና ጠንከር አድርጎ እስኪመታ ድረስ አይነሳም። ቀድሞ መነሳት ነውር ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺው ጨፋሪውን እያየ ነው የሚመታው፤ ወጣቱን ያቆየዋል፣ ለሽማግሌው ይራራል።

የሰርጉ ዕለት ከበሮውን ከኮምፒዩተሩ በስፒከር ለቀቅሁትና ሳህን ይዤ ተቀመጥሁ። ሥራውን ለማሽን የሰጠ ሰው ምን ያደርጋል? ይበላል። የመጀመሪያው ከባድ ምት ወረደ፤ ወጣቶቹ ተንበረከኩ። ሁለተኛው ተከተለ፤ ተነሱ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ከገሳይ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ሳይቀሩ እየወረዱ ይነሱ ጀመር። እኔም ክፍሉን እንዳተረፍሁት ገባኝና ሥጋ አስጨመርሁ።

ከዚያ አባቴ ገቡ።

ጋቢያቸውን ጥለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። ከባዱ ምት ወረደ፤ ተንበረከኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሶፍትዌሩ ሐሳቡን ቀየረ መሰለኝ፣ ቀላል ቀላሉን ምት ብቻ ያንጠባጥብ ጀመር። አባቴ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጠበቁ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። የሚለምኑትን ከበሮ መቺ በዓይናቸው ቢፈልጉ ስፒከር ብቻ አዩ። ሰዉ ደግሞ «ወንድ!» እያለ ያጨበጭብላቸዋል። እኔ ጉርሻዬን ሳልውጥ ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጥሁ፤ ጨፋሪዎቹን የከበቡት ሴቶች ግን «ወዴት ነው? አባትህ እየጨፈሩ አይደለም እንዴ!» ብለው መለሱኝ። እየተጋፋሁ ሳልደርስ ምቱ በራሱ ጊዜ ወረደ፤ አባቴን ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሷቸው።

የሙሽራው አባት እየሳቁ «ይህን ጨካኝ ከበሮ መቺ ከየት አመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ልጄ ነው» አሉ። ሥራዬን በሰው ፊት ሲጠሩልኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ስነሳ የድንች ጆንያ በስቱዲዮዬ በር ላይ ተደርድሯል። አባቴ ጉልበታቸውን ቅባት ተቀብተው ከተሸካሚዎች ጋር አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«እውነቱን ንገረኝ። ትናንት ያን ያህል ያንበረከክኸኝ ሆን ብለህ ነው?»

ሆን ብዬ ነው ብል፣ አባቱን በሰርግ ላይ ያሰቃየ ልጅ ልሆን ነው። ማንም አልመታውም ብል ደግሞ፣ ከበሮ መቺ የለም፣ ስቱዲዮም የለም።

«አዎ አባባ፣ ሆን ብዬ ነው» አልሁ።

ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«ተመስገን! እናትህ ‹ማንም አልመታውም፣ ማሽኑ ራሱ ነው› ብትለኝ እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ። ማንም ሳያዘኝ በአዲሶቹ ዘመዶቻችን ፊት ተንበርክኬ ቀረሁ ማለት ነው ብዬ።» ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ቂም ይዘህብኝ ከሆነም ይሁን። ቢያንስ ሲጨንቀኝ የሚያየኝ ሰው ነበረ።»

ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው ጆንያውን እንዲያነሱ አዘዙ። እኔም ዋሽቻቸው ዓይናቸውን ከማይ ብዬ አንዱን ጆንያ ተሸክሜ ወጣሁ።