የበየዳው ኮምፒውተር ቀን

ስድስት ዓመት በተወካይነት የያዝሁትን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊነት ለአንድ አዲስ ምሩቅ ሰጡብኝ። የተበደልሁት ይህ ነው።

ደባርቅ ያለው የመሬት መሥሪያ ቤታችን ስገባ ዘበኛ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ ሥራ የወረዳዎቹን ፋይል የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለበትን ክፍል ቁልፍ መያዝ ነበር። ቁልፍ ይዤ ሲሠሩ እያየሁ ኮምፒውተሩን የሚያዝዘውን ስክሪፕት መጻፍ ለመድሁ።

የሚላክልንን ፋይል ቅጂ የሚያስቀምጥና አሮጌውን የሚሰርዝ ስክሪፕት ለዳባት አንድ፣ ለበየዳ አንድ፣ ለየወረዳው እንዲሁ ጻፍሁ። ምሩቁ ታምራት ይባላል። አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ግልባጭ ምን ይሠራል? አንድ ክላስ ይበቃል። ኮምፒውተሩ የሚይዘውንና የሚሠራውን አንዴ እንጽፋለን፤ ዳባትም በየዳም ከእሱ ይወጣሉ።»

«ያንተን ትምህርት አልተማርሁም።»

«አሳይዎታለሁ።»

አሳየኝ። የእኔን አርባ ገጽ በሁለት ገጽ ጨረሰው። ማማሩ አንጀቴን አሳረረው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ግን አንድ ነገር አየሁ። ክላሱ ከስድሳ ቀን በላይ የቆየን ቅጂ ይሰርዛል። የበየዳው ጸሐፊ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቀን የሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በፈረንጁ ስለሆነ፣ በአይሱዙ በፍላሽ የሚልክልን የትናንት ፋይል እዚያ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ይመስላል። ስለዚህ ነበር በበየዳው ስክሪፕት የመሰረዣውን መስመር ያልጻፍሁት። አውቄ ዝም አልሁ።

ክላሱ ሥራ ላይ ውሎ ሰኞ ጠዋት ስንገባ የበየዳ ገበሬዎች የመሬት ይዞታ ቅጂ በሙሉ ከሰርቨሩ ጠፍቷል። የበየዳው ኮምፒውተር በክረምቱ ተበላሽቶ ሲጠገን ውስጡ የነበረው ስለጠፋ ሌላ ቅጂ አልቀረም።

ሥራ አስኪያጁ ጠሩን። ታምራት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለ። በዚህም ቀናሁበት።

«እርስዎስ፣ ምንም አላዩም?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ሥራ ላይ ሳይውል።»

ታምራት ዞሮ አየኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቃል እኮ ነበር።»

ወር ሙሉ ሁለታችን ከወረቀት መዝገብ ስንገለብጥ ከረምን። በዚያ መካከል አንድ ክላስ ከሌላው እንዴት እንደሚወርስ አስተማረኝ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚያነበውን የበየዳን ክላስ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይሠራል።

ፕሮግራም መጻፍ ለምትጀምሩ፦ አንድ ዓይነቱን ሥራ አንዴ ጻፉት። የሚለየውን ኮምፒውተር የራሱን ክላስ ስጡት፤ ለምን እንደተለየም እዚያው ጻፉ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

በደብዳቤ ኃላፊነቱ ለታምራት ጸና፤ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ቦታው የእኔ ነበር እላለሁ፣ አሁንም። ደብዳቤው የወጣው በሚካኤል ማግስት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 13 ቀን ነው።